ምቱ የት አረፈ? ለጠረጴዛ የውጊያ ጨዋታ የምት ቦታ ሕግ አሠራር

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ኮቺ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ቤት ተሰብስበናል። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ተበትኗል። አንዱ ዳይሱን ጣለና «አገኘሁት!» ብሎ ጮኸ። መሪው ወደ ተመቺው ዞሮ «4 ቀንስ» አለው። ተመቺው ወረቀቱ ላይ የሕይወት ነጥቡን፣ 12 የሚለውን፣ ሰርዞ 8 ጻፈ። ጨዋታው ቀጠለ።

የጎደለን ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ሰውዬው በጦር ተወግቷል። ግን የቱ ጋ? እግሩን ከሆነ እንዴት ይሮጣል? ክንዱን ከሆነ ጋሻውን በምን ያዘው? ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። 12 የነበረውም ሰው፣ 8 የሆነውም ሰው፣ 1 የቀረውም ሰው አንድ ዓይነት ይዋጋል።

ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። የምናወራው ስለ ሚና ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕሪ ይይዛል። አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል። እርግጠኛ ያልሆነውን ነገር ዳይስ ይወስናል። የምት ቦታ ሕግ ማለት ደግሞ ምቱ ከያዘ በኋላ ሰውነት ላይ የት እንዳረፈና ምን እንዳስከተለ የሚወስን ሕግ ነው።

ከብዙ ሙከራ በኋላ የደረስንበትን አሠራር ነው የማካፍላችሁ። እንዳለ ልትወስዱት ትችላላችሁ። እየቀየራችሁ የራሳችሁን ብትሠሩ ግን የበለጠ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ፦ ስንት ቦታ ያስፈልጋል?

ብዙ ሰው ሲጀምር ሰውነትን ይከታትፋል። አንገት፣ ትከሻ፣ ክርን፣ መዳፍ፣ ጭን፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት። እኛም 14 ቦታ ጽፈን ነበር። ወረቀቱ ያምራል፤ ጨዋታው ግን አይሄድም።

ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ እዚህ የተመታ ተጫዋች በሚቀጥለው ተራው የተለየ ነገር ያደርጋል? ካላደረገ ቦታውን ሰርዙት። ክርንም ተመታ መዳፍ፣ ሰውየው የያዘውን ይጥላል። ስለዚህ ሁለቱም «ክንድ» ናቸው። ቀኝ እግርም ተመታ ግራ፣ መሮጥ ያቅተዋል። ስለዚህ «እግር» ይበቃል። ቀኝና ግራ ክንድ ግን ይለያያሉ። ቀኙ ጦር ይይዛል፣ ግራው ጋሻ። ጦር የወደቀበትና ጋሻ የወደቀበት ሰው ፍጹም የተለያየ ጭንቀት ውስጥ ናቸው።

በዚህ ማጣሪያ 14ቱ ወደ 5 ወረዱ። ራስ፣ ቀኝ ክንድ፣ ግራ ክንድ፣ ደረት፣ እግር። ከአንገት እስከ ወገብ ያለውን ሁሉ ደረት ብለን ጠራነው።

ዳይሱን ማዘጋጀት

የውጭዎቹ ጨዋታዎች ባለ 20 ገጽ ወይም ባለ 10 ገጽ ዳይስ ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሩንክዌስት ቦታውን በባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወስናል፤ ራስ የሚገኘው 19 እና 20 ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የዋርሃመር ሚና ጨዋታ ደግሞ በጣም ብልህ መንገድ አለው። ከ100 የሚጣለውን የምት ቁጥር ገልብጦ ቦታውን ያነባል። 37 ብትጥሉ ቦታው የሚነበበው ከ73 ነው። ሁለተኛ መጣል የለም።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ዳይስ በቀላሉ አይገኝም። የሉዶ ዳይስ ግን የትም አለ። ሦስት ፈልጉ። ሁለቱ ነጭ ሆነው ይቆዩ። ሦስተኛውን በጥፍር ቀለም ቀይ ቀቡት። ነጥቦቹ እንዳይጠፉ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ሌሊቱን ይደር።

አንድ ውርወራ፣ ሁለት ንባብ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሕግ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ሰው መታ ወይስ ሳተ ለማለት አንዴ ይጥላል። ቦታውን ለማወቅ እንደገና ይጥላል። ጉዳቱን ለማወቅ ሦስተኛ ይጥላል። በሦስተኛው ውርወራ ላይ የጠረጴዛው ግማሽ ስልኩን አውጥቷል። ስለዚህ በአንድ ውርወራ ሁሉንም ማንበብ አለብን።

የመጀመሪያ መፍትሔያችን ቀላል ይመስል ነበር። አንድ ነጭና አንድ ቀይ እንጥላለን። ድምሩ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምቱ ያዘ። ቦታውን ከቀዩ እናነባለን። ቀዩ 1 ከሆነ ራስ ነው ብለን ጻፍን። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ተጫወትን። አንድም ሰው ራሱን አልተመታም።

ምክንያቱን ወረቀት ላይ ስናሰላው ግልጽ ሆነ። ቀዩ 1 ከሆነ ነጩ 6 ቢመጣ እንኳ ድምሩ 7 ነው። 7 ደግሞ አይመታም። ራስ የማይቻል ሆኖ ነበር! በተቃራኒው ቀዩ 6 ላይ ያስቀመጥነው ቦታ ከ15ቱ የሚይዙ ውርወራዎች 5ቱን ወሰደ። ምትን የሚወስነው ዳይስ ቦታንም ከወሰነ ሁለቱ ይተሳሰራሉ። አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል። የራሳችሁን ሕግ ስትሠሩ ይህን ሳትፈትሹ አትለፉ።

መድኃኒቱ ሦስተኛው ዳይስ ነው። ሁለቱ ነጭ ምቱን ይወስናሉ። ቀዩ ቦታውን ብቻ። ሦስቱንም በአንድ እጅ ጣሏቸው። መጀመሪያ ነጮቹን ደምሩ፤ ስንት እንደሚያስፈልግ ጋሻ ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ። ምቱ ካልያዘ ቀዩን አትዩት። ከያዘ መልሱ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው።

የቀዩ ንባብ ይህ ነው፦

1፦ እግር
2፦ ቀኝ ክንድ
3፦ ግራ ክንድ
4 እና 5፦ ደረት
6፦ ራስ

ከታች ወደ ላይ የተደረደረው ያለ ምክንያት አይደለም። አሁን ታዩታላችሁ።

ፈረስ፣ ደረጃና ጉልበት

ጨዋታችን የተቀመጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጊቤ አካባቢ ነው። ያለ ፈረስ አይሆንም። በዚያ ዘመን ነገሥታቱ ራሳቸው በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። የእኛው አባ ጅፋርም የፈረስ ስም ነው። ስለዚህ ፈረሰኛና እግረኛ ሲገናኙ ልዩነቱ ጠረጴዛው ላይ እንዲሰማ ፈለግን።

ሕጉ አንድ መስመር ነው። ከላይ ሆኖ የሚመታ ቀዩ ላይ 1 ይጨምራል። ከታች ሆኖ የሚመታ ከቀዩ 1 ይቀንሳል። ከ6 በላይ ከሄደ ራስ፣ ከ1 በታች ከወረደ እግር ነው።

የሚያስከትለውን እዩ። ፈረሰኛው እግረኛውን ሲመታ እግር ፈጽሞ አይገኝም፤ ራስ ደግሞ ከ6 ጊዜ 2 ይሆናል። እግረኛው ፈረሰኛውን ሲመታ ራስ አይደርስበትም። እግሩን ግን ከ6 ጊዜ 2 ያገኘዋል። ምንም ተጨማሪ ሰንጠረዥ አላስፈለገም። ቦታዎቹን እንደ ሰው ቁመት ስለደረደርናቸው ብቻ ነው።

ያው ሕግ ለሌላውም ይሠራል። ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ካያችሁ የእንጨት ፎቁን ታውቁታላችሁ። እዚያ ደረጃ ላይ ቆሞ የሚከላከል ሰው ከላይ ነው። በአንድ ጉልበቱ የወደቀ ሰው ደግሞ ለቆመው ሁሉ ከታች ነው። እግሩን ተመትቶ በጉልበቱ የወደቀ ሰው በሚቀጥለው ዙር ጭንቅላቱን ለመጠበቅ ይገደዳል ማለት ነው። ይህ ሲሆን ሳይ ሕጉ ሥር እንደያዘ አወቅሁ።

ጉዳቱን በቡና ፍሬ መቁጠር

ለእያንዳንዱ ተጫዋች ግማሽ ወረቀት ላይ የሰው ቅርጽ ሳሉ። ማማር የለበትም። ጠረጴዛው መሀል አንድ ሰሃን ጥሬ ቡና አስቀምጡ። ጅማ ውስጥ ይህን ያጣ ቤት አላውቅም። ምት በያዘ ቁጥር በተመታው ቦታ ላይ አንድ ፍሬ ይቀመጣል። መጻፍ የለም፣ መሰረዝ የለም። ሁሉም ሰው የሁሉንም ሰው ሁኔታ በዓይኑ ያያል። ገበጣ የተጫወተ እጅ ወዲያው ይለምደዋል።

ስዕሉ ሌላም ጥቅም አለው። እኛ ጠረጴዛ ላይ አማርኛና ኦሮምኛ ይቀላቀላሉ። በኦሮምኛ ራስ «መታ» ነው። አንዱ «መታ!» ሲል ምቱ ያዘ ማለቱ ነው ወይስ ራሱን አገኘው ማለቱ? በዚህ ብዙ ተከራክረናል። አሁን ሁሉም ጣቱን ስዕሉ ላይ ያሳርፋል፤ አለቀ።

ራስ፣ ሁለቱ ክንዶችና እግር እያንዳንዳቸው 2 ፍሬ ይችላሉ። ደረት 4 ይችላል። ቦታው ሲሞላ የሚከተለው ይሆናል።

እግር ከሞላ ሰውየው በጉልበቱ ይወድቃል። በዙር አንድ እርምጃ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ግራ ክንድ ከሞላ ጋሻው ይወድቃል። ቀኝ ክንድ ከሞላ መሣሪያው ይወድቃል፤ በግራው ሊያነሳው ይችላል፣ ግን ጋሻውን መልቀቅ አለበት፣ ለመምታትም የሚያስፈልገው ቁጥር በ1 ይጨምራል። ደረት ከሞላ ይወድቃል፣ መናገር ብቻ ይችላል። ራስ ከሞላ ራሱን ይስታል። አንድ ፍሬ ብቻ ያለበት ቦታ ሕግ የለውም፤ መሪው በቃል ይግለጸው።

አንድ ወጥመድ አለ። ፍሬው ከተበታተነ ሰውየው አይወድቅም። ራስ 1፣ ክንዶቹ 1 1፣ እግር 1፣ ደረት 3 ቢኖረው 7 ፍሬ ተሸክሞ ምንም ሳይሆን ይቆማል። ይህ አያሳምንም። ስለዚህ የትም ይሁን የት በጠቅላላ 6 ፍሬ የሞላበት ሰው ይወድቃል።

ጋሻ

ጋሻ ያልያዘን ሰው ለመምታት 7 ያስፈልጋል። ጋሻ የያዘን ለመምታት 8። ትንሽ ትመስላለች አንዷ ቁጥር። በሁለት ዳይስ ግን 7 እና ከዚያ በላይ ከ36 ጊዜ 21 ይመጣል። 8 እና ከዚያ በላይ 15 ብቻ። ከ58 በመቶ ወደ 42 በመቶ መውረድ ነው።

ግራ ክንድ ተመትቶ ጋሻው ሲወድቅ ሰውየው የሚያጣው ይህንን ነው። ቁጥር አልቀነሰም፤ ከለላው ነው የሄደው። በአካባቢያችን የጦር ታሪክ ዋናው መከላከያ የቆዳ ጋሻ እንጂ የብረት ጥሩር አልነበረም። ስለዚህ ሕጉን ጋሻ ላይ መመሥረት ለዚህ ዓይነት ታሪክ ይስማማል። የእናንተ ታሪክ ጥሩር የለበሱ ባላባቶች ያሉበት ከሆነ ጥሩሩ የሸፈነው ቦታ አንድ ፍሬ ጨምሮ ይቻል። የራስ ቁር ያደረገ ራሱ ላይ 3 ፍሬ ይችላል። ከዚያ በላይ አታወሳስቡት።

ከባድ ምትና አልሞ መምታት

ተጫዋች ሁሉ ውሎ አድሮ «ራሱን ነው የምመታው» ይላል። ልክ ነው፣ መብቱ ነው። ግን ዋጋ ይክፈል።

እዚህም አንድ ስህተት ሠርተን ነበር። ድምሩ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምቱ ከባድ ነው፣ 2 ፍሬ ያስቀምጣል ብለን ነበር። ለማለም ደግሞ 3 እንዲጨመር አደረግን። 7 የነበረው 10 ሆነ። ታዲያ አልሞ የመታ ሁሉ 10 እና ከዚያ በላይ ነው የጣለው። ሁሉም ምት ከባድ ሆነ። ራስ 2 ፍሬ ብቻ ይችላል። አንድ የታለመ ምት፣ አንድ የወደቀ ሰው። ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ነገር አልሞከረም።

ያስተካከልነው እንዲህ ነው። ከባድ ምት ማለት ከሚያስፈልገው ቁጥር 3 ወይም ከዚያ በላይ ያለፈ ነው። 7 ሲያስፈልግ ከ10 ጀምሮ፣ 8 ሲያስፈልግ ከ11 ጀምሮ። ለማለም የሚጨመረው 2 ነው። ዳይሱ ከመጣሉ በፊት ቦታውን ጮክ ብሎ መናገር ግድ ነው። ያኔ ቀዩ አይነበብም።

አሁን ሒሳቡን እዩ። ጋሻ የሌለውን ሳያልሙ መምታት በአማካይ በአንድ ተራ 0.75 ፍሬ ያስቀምጣል። 6 ፍሬ ለመሙላት ወደ 8 ተራ ይወስዳል። ራሱን አልሞ መምታት ከ36 ጊዜ 10 ብቻ ይይዛል። ሁለቱን ፍሬ ለመሙላት ወደ 7 ተራ ይፈልጋል። ጋሻ የያዘው ላይ ደግሞ ሁለቱም ወደ 12 ተራ ይደርሳሉ። ተቀራራቢ ናቸው። ይህን ነው የምንፈልገው። ማለም የተሻለ መንገድ ሳይሆን የተለየ መንገድ ሆነ። የሚሸሸውን እግሩን፣ ጋሻ የያዘውን ግራ ክንዱን፣ በሕይወት የሚፈለገውን ደግሞ ቀኝ ክንዱን ማለም ትርጉም አገኘ።

ለተራ ተዋጊና ለአውሬ

መሪው ስድስት ሽፍታ ይዞ ቢመጣ ስድስት ስዕል መሳል የለበትም። ተራ ተዋጊ 2 ፍሬ የትም ካገኘ ከውጊያው ይወጣል። ቦታው ለትረካ ብቻ ይነበብ። ስዕል የሚገባው ስም ላለው ሰው ነው።

ለጅብ ወይም ለጎሽ ቀዩን እንዲህ አንብቡ፦ 1 የኋላ እግር፣ 2 እና 3 የፊት እግር፣ 4 እና 5 ገላ፣ 6 ራስ። ለጎሽ የሁሉንም ቦታ ፍሬ እጥፍ አድርጉ፤ ጠቅላላውም 12 ይሁን።

ከውጊያው በኋላ

ቁስሉ ውጊያው ሲያልቅ የሚጠፋ ከሆነ ግማሽ ሥራ ነው የሠራነው። እኛ ጋ እንዲህ እናደርጋለን። ባልሞላ ቦታ ላይ ያለ ፍሬ በአንድ ቀን ዕረፍት አንድ አንድ ይነሳል። የሞላ ቦታ ግን ወጌሻ ይፈልጋል። ወጌሻ ካየው በኋላ ፍሬው በ3 ቀን አንድ አንድ ይነሳል። ወጌሻ ካልተገኘ አይነሳም።

ይህች ትንሽ ሕግ ታሪክ ትወልዳለች። እግሩ የተመታ ሰው የጊቤን ቁልቁለት በዝናብ እንዴት ይወርዳል? ማን በፈረሱ ያፈናጥጠዋል? ወጌሻው ያለው የጠላት መንደር ቢሆንስ? አንድ ጊዜ ሦስት ሙሉ ቅዳሜ የተጫወትነው አንድ ክንድ ለማዳን ነበር። በጣም የምወደው ጨዋታችን እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ። ቁስል ምን ያህል በዝርዝር ይተረክ? ጠረጴዛው ላይ አደጋ የደረሰበት ወይም ቤተሰቡን ያጣ ሰው ሊኖር ይችላል። «ክንዱን አገኘው፣ ጋሻው ወደቀ» ማለት ይበቃል። ደሙን መዘርዘር ሕጉ አይጠይቅም።

መሞከር

ሕጉን ለትልቅ ታሪክ ከማዋላችሁ በፊት ሁለት ለሁለት አዋጉ። ያው አራት ሰው፣ ያው ቦታ፣ ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው ያለ ማለም ይሁን። ሁለተኛው በማለም። ሦስተኛው አንድ ወገን በፈረስ። እያንዳንዱ ምት የት እንዳረፈ አንድ ሰው ጭረት እያደረገ ይመዝግብ። አንድ ቦታ ጨርሶ ጭረት ካላገኘ የእኛ «ራስ» ዓይነት ስህተት አለ ማለት ነው፤ ሒሳቡን ፈትሹ።

ሰዓቱን በቡና ለኩ። አቦል ሲቀዳ የተጀመረ የሁለት ለሁለት ውጊያ ቶና ከመድረሱ በፊት ማለቅ አለበት። በረካ ድረስ ከሄደ ረዝሟል። ያኔ ጠቅላላውን ከ6 ወደ 5 አውርዱ። አቦሉ ሳይጠጣ ካለቀ ደግሞ ወደ 7 አንሱት። ሌላውን አትንኩ፤ ሁለት ነገር አንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

የሚያወሩትንም አዳምጡ። በመጨረሻው ሙከራችን አንዱ ልጅ ግራ ክንዱ ሞላ። ጋሻው ወደቀ። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚገባ፣ ማንንም የማይጠብቅ ተጫዋች ነው። ፍሬዎቹን ትንሽ አያቸው። ከዚያ ገጸ ባሕሪውን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሳበና ወደ ጓደኛው ዞረ። «በግራዬ ቁምልኝ» አለው።